የሦስተኛው መደብ ከረሜላ

ትርንጎ እባላለሁ። ላልይበላ ውስጥ፣ ወደ አሸተን ማርያም በሚያወጣው መንገድ ዳር ባለ አንድ ሆቴል ክፍል አጸዳለሁ። ይህን የምጽፈው ማንንም ለመክሰስ አይደለም፤ የምከስሰው ሰው ቢኖር ራሴን ነው። ታምሜ በተኛሁበት ሰሞን ግን አንዲት ሐኪም "ይህን ነገር ለሰው ንገሪው" ብላኝ ነበር። በአፌ ስነግረው እየሳቅሁም እያለቀስኩም መላው ይጠፋብኛል። ስለዚህ ከልጄ ደብተር ላይ ጥቂት ቅጠል ለመንኩና ቁጭ ብዬ ጻፍኩት።

ነገሩ የሚጀምረው ከዕጣ ነው።

እንግዳ ክፍል ለቆ ሲሄድ የሚረሳው ነገር አይጠፋም። ግማሽ ሻምፑ፣ ያንድ እግር ካልሲ፣ የፀሐይ ቅባት። ደንቡ ሁሉንም ለኃላፊያችን ማስረከብ ነው። እኛ ግን ስልክና ገንዘብ፣ ሰዓትና ወርቅ ሲሆን እናስረክባለን፤ ጥቃቅኑን እንካፈላለን። ተካፋዮቹ ሦስት ነን፤ እኔ፣ አንሶላ አጣቢው ደሳለ፣ እና የበሩ ዘበኛ ጋሽ አዳነ። እንደ ቅርጫ ሥጋ በሦስት መደብ እንደለድላለን፤ ከዚያ አንዳችን ቁልፍ፣ አንዳችን ጠጠር፣ አንዳችን ስንደዶ እንሰጣለን። ጋሽ አዳነ ፊታቸውን አዙረው በየመደቡ ይጥሉታል። እንግዳ ጠፍቶ፣ ደመወዝ ቆሞ በነበረበት ጊዜ እንኳ ይህ ዕጣ አጣልቶን አያውቅም።

ዐቢይ ጾም ሊገባ ሁለት ቀን ሲቀረው፣ ከጥጉ ክፍል የአልጋ ራስጌ መሳቢያ ውስጥ አንድ የሚያብረቀርቅ ከረጢት አገኘሁ። እንጆሪና ብርቱካን ተሥሎበታል። ውስጡ ለስለስ ያለ፣ ስኳር የተነሰነሰበት ከረሜላ ነው።

"ምንድን ነው እሱ?" አለ ደሳለ።

እኔ የትምህርት ቤት ደጃፍ አልረገጥኩም። አማርኛውን ባለቤቴ ሞላ አስቆጠረኝ፤ እንግሊዝኛውን ከሻምፑ ጠርሙስና ከሳሙና ካርቶን ላይ ለቀምኩት። "ፍሩት" የምትለዋን ቃል አውቃታለሁ። እሷን ብቻ አየሁና እንደ መምህር ጉሮሮዬን ጠርጌ፣ "የፍራፍሬ ነው" አልኩ።

"ይኸ ሁሉ ጽሑፍ ፍራፍሬ ነው የሚለው?" አሉ ጋሽ አዳነ ከሥሩ ያለውን ደቃቅ ጽሑፍ እያሳዩ።

"የአሠራሩን ነው የሚያወራ" አልኳቸው። አላነበብኩትም። ማንበብ አልችልም ለማለት አፈርኩ። ከዚያ በኋላ የመጣው ሁሉ ከዚያች እፍረት የመጣ ነው።

ሠላሳ ፍሬ ነበር፤ አሥር አሥር ደረሰን። ጋሽ አዳነ የድርሻቸውን በወረቀት ጠቅልለው ኮታቸው ውስጥ ከተቱት።

"እኔ በሁዳዴ ጣፋጭ ባፌ አይዞርም። ያንች ልጅ ሰባት ሞላት አይደል?"

"ሞላት፤ ዘንድሮ ጾም ትጀምራለች።"

"በይ እንግዲያው፣ እስከ ፋሲካ ከዘለቀች ይኸ የሷ ነው። ጋሽ አዳነ ቃል ገባልሽ በያት።"

ማታ ለማህሌት ብነግራት ሁለት እጇን ዘርግታ ጣቶቿን ቆጠረች። "አሥሩም የኔ?" "አሥሩም።" ከዚያ ቀን ጀምሮ ምሳ ሰዓት ላይ ሆዷ ሲጮህ "ዝም በል፣ አሥር ከረሜላ አለን" ትለው ነበር።

እኔ የመጀመሪያዋን የበላሁት በጾሙ ሁለተኛ ሳምንት ነው። ዘጠኝ ሰዓት አልፎ፣ ሽሮዬን በልቼ፣ አፌን ላጣፍጥ ብዬ። አንድ ሰዓት ያህል ምንም የለም። ከዚያ አልጋ በማንጠፍ የጎበጠው ወገቤ ሕመሙ ድንገት ተወኝ፤ የሌላ ሰው ወገብ መሰለኝ። ትራስ ሳለብስ ደግሞ ትራሱ ደሳለን መሰለኝና ሳቄን መግታት አቃተኝ። "ምን አገኘሽ?" ቢለኝ "አንተን!" ብዬ ወለሉ ላይ ዘፍ አልኩ። ማታ ለሞላ ከልጅነቴ ጀምሮ የማውቀውን ተረት ሁሉ አወራሁለት። አልዋሽም፣ ደስ ብሎኝ ነበር። ሰውን የሚያታልለው ይኸው መጀመሪያው ነውና ልደብቀው አልፈልግም።

ሁለተኛዋም እንደዚያው ሆነች። ሦስተኛዋ ግን ከአንድ ከረጢት የወጣች አትመስልም።

እሑድ ከሰዓት ነው፤ ቤቴ ነኝ። ሞላ የእንጨት መስቀል እየጠረበ ለተሳላሚ የሚሸጥ ሰው ስለሆነ ግድግዳችን ሁልጊዜ ባልተሸጠ መስቀል የተሞላ ነው። መጀመሪያ አፌ ደረቀ። ቀጥሎ ልቤ መሮጥ ጀመረ። ቁጭ ብልም ይሮጣል፣ ብተኛም ይሮጣል። ከዚያ መስቀሎቹ አንድ በአንድ ከግድግዳው ወርደው ወደ በሩ ሲሰለፉ አየሁ። ማህሌት ውኃ በጣሳ ይዛ መጣች። እኔ ግን ልጄን አላየሁም፤ ያየሁት ፊት የሌላት ሴት ነው። ገፈተርኳት። ግንባሯ መቃኑን መታው።

ሲለቀኝ ሞላ የልጅቷን ደም በነጠላው ጫፍ ይዞ ከሩቅ ያየኛል። አሥራ ሁለት ዓመት አብረን ስንኖር እንደዚያ አይቶኝ አያውቅም።

በማግስቱ ክሊኒክ ወሰደኝ። ደም ሰጠሁ። "ታይፎይድም ታይፈስም አለብሽ" ተባልኩ። በእኛ አገር እነዚህ ሁለቱ እንደ መንታ ናቸው፤ የታመመ ሰው ሁሉ አያጣቸውም። መርፌውንም ኪኒኑንም ጨረስኩ። ሳምንት ደኅና ሰነበትኩ። ደኅና የሰነበትኩት ግን ከረሜላውን ስላልነካሁ ነበር። እንቅልፍ እንቢ ሲለኝና እጄ ሲንቀጠቀጥ "ይቺ ነገር ወገቤን እንኳ ታሽለው የለ" ብዬ አራተኛዋን በላሁ። መድኃኒት መስሎኝ በሽታውን እየጎረስኩ ነበር። አስመለሰኝ፣ ላብ በላብ ሆንኩ፣ ስሜን ሲጠሩኝ የሰማሁት ከገደል ማዶ መሰለኝ። በሌላ ክሊኒክ ጨጓራ ተባለ። ለፋሲካ ያስቀመጥነው በግ በዚያ ሳምንት ተሸጠ። ሞላ ገመዱን ፈቶ ሲሰጥ ዓይኑን ማየት አልቻልኩም።

"ይኸስ የሐኪም አይደለም" አሉ አክስቴ እትየ ጥሩነሽ። "መጥቶ የሚሄድ በሽታ ዓይነ ጥላ ነው።" ነአኩቶ ለአብ ወሰዱኝ። ከዋሻው ጣሪያ ጠብ ጠብ የሚለውን ጠበል ሰባት ቀን ጠጣሁ፣ ተረጨሁ። ሰባት ቀን ከረሜላ በአጠገቤ የለም፤ ልቤ ረጋ፣ ተኛሁ። እትየ ጥሩነሽ እልል አሉ። ስሰናበት የሚያጠምቁት አባት ቀስ ብለው ጠየቁኝ።

"ልጄ፣ የደበቅሽው ነገር አለ?"

"የለም አባቴ።"

ጠበሉ የእሱን አድርጎልኝ ነበር። ያላደረግሁት እኔ ነኝ።

የሄድኩባቸው ሐኪሞችም ጠይቀውኝ ነበር፤ "የወሰድሽው ሌላ ነገር አለ? መጠጥ? ጫት? ኪኒን?" "የለም" እላለሁ። ለምን? አንደኛ፣ ከእንግዳ መሳቢያ አወጣሁ ማለት ሌባ ነኝ ማለት መሰለኝ። ክፍል የምታጸዳ ሴት እጇ ካልታመነ ምን አላት? ሁለተኛው ምክንያት የበለጠ ያሳፍረኛል፤ እንዳይወስዱብኝ ሰግቼ ነው። ከዱቄት ዕቃው ሥር ስድስት ፍሬ ቀርቶኝ ነበር።

ከጠበል ከተመለስኩ በኋላ አንድ አንድ እያልኩ ቀጠልኩ፤ የመጨረሻዎቹን ሁለት የበላሁት በጸሎተ ሐሙስ ነው። ዓርብ፣ በስቅለት፣ እንደ ሰው ሁሉ ስሰግድ ዋልኩ። ስንተኛው ስግደት ላይ እንደሆነ አላውቅም፤ ግንባሬ መሬት ነካ፣ ከዚያ ወዲያ አላስታውስም። እንደ ነገሩኝ ተንቀጥቅጬ አረፋ ደፍቄ ነበር። አራት ሰው በጋቢ ተሸክሞ ጤና ጣቢያ አደረሰኝ። ሽንቴ እንደ ጠላ ጠቁሮ ነበር።

ያን ሌሊት ጉሉኮስ ተሰክቶልኝ ጣሪያውን ሳይ አደርኩ። በአጠገቤ ልጇን የምታስታምም የገነተ ማርያም ሴት ነበረች። በፈራሁ ቁጥር ከአልጋዋ ጠርዝ እጇን ዘርግታ እግሬን ትይዝልኛለች። ስሟን ሳልጠይቃት መሄዷ እስካሁን ይቆጨኛል።

ቅዳሜ ጠዋት፣ ቄጤማ በሚታደልበት ሰዓት፣ ሞላ አጠገቤ ቁጭ ብሎ ሳለ በሩ ተበረገደ። ሁለት ሰዎች አንድ ጎረምሳ እየጎተቱ አስገቡ። ሸሚዙ ተቀዶ፣ ዓይኑ ፈጦ፣ ከንፈሩን ነክሶ ያደማው ደሳለ ነው።

ሐኪሟ ወጣት ናት። የጤና መኮንን ናት ይላሉ፤ እኛ ግን ዶክተር ነው የምንላት። ደረቱን አዳመጠች፣ ፊቷ ተለወጠ።

"ምን ወስደህ ነው?"

ደሳለ ዙሪያውን ሲያይ ዓይኑ እኔ ላይ ዐረፈ። ከዚያ "ምንም" አለ።

"ስማኝ ወንድሜ፣ ልብህ ከዚህ በላይ ከሮጠ እኔ ላልደርስበት እችላለሁ። ምን ወሰድክ?"

"በላልይበላ፣ ምንም አልወሰድኩም" ብሎ ዓይኑን ጨፈነ።

ያኔ ገባኝ። በቅዱሱ ስም የማለው ለእኔ ብሎ ነው። ከመሳቢያው ያወጣሁት እኔ፣ "የፍራፍሬ ነው" ያልኩት እኔ፤ እሱ ደግሞ እንጀራዬን ላለማሳጣት በሞት አፋፍ ላይ ሆኖ ይዋሽልኛል።

ጉሉኮሱን እንደያዝኩ ቀና አልኩ።

"ዶክተር፣ ከረሜላ ነው። እኔም በልቻለሁ። ከእንግዳ ክፍል ያወጣሁት እኔ ነኝ።"

ሞላ ዞሮ አየኝ። "ምን አልሽ አንች?"

"ከረሜላ አልኩህ። ጾሙን በሙሉ ስበላው ነው የከረምኩ።"

"ታይፎይድ አይደለም? በጉን የሸጥነው…"

"አይደለም ሞላ።"

ዶክተሯ ወደ ደሳለ ዞረች። "ስንት በላህ?"

"የቀሩኝን አምስት ባንዴ" አለ ደሳለ፤ ማልቀስ ጀመረ። "ስሰግድ ውየ ርቦኝ ነበር። ትርንጎ፣ እኔስ አልናገርም ብየ ነበር እኮ።"

"ዝም በል አንተ ሞኝ" አልኩት፤ እኔም አለቀስኩ።

ከረጢቱ በስቅለት ዕለት በለበስኩት ቀሚስ ኪስ ውስጥ ተጣጥፎ ነበርና ሞላ አወጣው። ዶክተሯ ያን እኔ ያላነበብኩትን ደቃቅ ጽሑፍ ወደ መስኮቱ አስጠግታ አነበበችው። ፎቶ አንሥታ ወልድያ ላለ ባልደረባዋ ላከች፣ በስልክ ተነጋገረች። ከዚያ መጥታ ጽሑፉ የሚለውን በእኛ ቋንቋ አስረዳችን። ከረሜላው ላይ የተረጨው ሰው ሠራሽ አደንዛዥ ነው፤ ከሐሺሽ ቅጠል የተገኘ ሳይሆን ያንን እንዲመስል በኬሚካል የተቀመመ። ከቅጠሉ ብዙ እጥፍ ሊበረታ ይችላል። የሚረጩት ሰዎች መጠኑን አይለኩትም፤ ስለዚህ አንዷ ፍሬ ታሥቃለች፣ አጠገቧ ያለችው ልብ ታቆማለች። አንዳንዱ ሰው ኩላሊቱ ይጎዳል፣ አንዳንዱ አእምሮው ሳይመለስ ይቀራል።

"የኛ ምርመራ ደግሞ አያሳየውም" አለች። "እኛ ማወቅ የምንችለው በሽተኛው ሲናገር ብቻ ነው።" ተቆጥታኝ አልነበረም፤ ቢሆንም አጥንቴ ውስጥ ገባ።

ለደሳለ የሚያረጋጋ መርፌ ወጉት፣ ኦክስጅን አደረጉለት። እየረጋ ሳለ ዶክተሯ መለስ ብላ፣ "ሌላ የበላ ሰው አለ? ስንት ሆናችሁ ተካፈላችሁ?" አለች።

"ሦስት" አልኩ።

ወዲያው ትዝ አለኝ። ሦስተኛው መደብ። የማህሌት አሥር ጣቶች።

"ሞላ! ጋሽ አዳነ! ያ የልጅቷ ስጦታ!"

ሞላ ለጋሽ አዳነ ደወለ፤ ስልካቸው ዝግ ነው። ጋሽ አዳነ በየዓመቱ ያከፍላሉ፤ ከስቅለት ጀምሮ እስከ ትንሣኤ እህል ውኃ አይቀምሱም፣ ከቤተ ክርስቲያን ቅጥር አይወጡም፣ ስልካቸውንም ያጠፋሉ። ሞላ ጫማውን እንኳ በወጉ ሳያጠልቅ ሮጠ።

የጤና ጣቢያውን አግዳሚ ወንበር የምታውቁ ታውቁታላችሁ። ቀለሙ የተላጠ፣ በየቦታው ሰው በጥፍሩ የፋቀው። ጉሉኮሴን አስነቅዬ እዚያ ላይ ተቀመጥኩ፤ ተኚ ቢሉኝ እንቢ አልኩ። ሰው ቄጤማ በራሱ አስሮ ያልፋል። "እንኳን አደረሰሽ" ይለኛል፣ "እንኳን አብሮ አደረሰን" እላለሁ፤ ምን እንዳልኩ ግን አላውቅም። በግማሽ ሰዓት ውስጥ ሞላ ደወለ።

"አገኘኋቸው" አለ፤ ትንፋሹ ይቆራረጣል። "ለልጅቷ ትናንት ሰጥቻታለሁ አሉ። እስከ ነገ ስለማልወጣ አስቀድሜ ሰጠኋት አሉ።"

"አሥሩንም?"

"አሥሩንም። ቤት የለችም። እትየ ጥሩነሽ ጋ ልሂድ።" ስልኩ ተዘጋ።

ትናንት። የሰባት ዓመት ልጅ፣ ሃምሳ ምናምን ቀን የጓጓችበት ነገር፣ ከትናንት ጀምሮ በእጇ ነው። እኔ የሠላሳ አራት ዓመቷ ሴት ሁለት ሳምንት አልጠበቅሁም። እሷ አንድ ሌሊት ትጠብቃለች? በዚያ ወንበር ላይ የተሳልኩትን ስለት ሁሉ ለመክፈል ሌላ ዕድሜ ያስፈልገኛል።

ስድስት ሰዓት ሲሆን ሞላ በበሩ ገባ። ማህሌት ከኋላው ናት፤ በገዛ እግሯ ትራመዳለች። ቄጤማዋ ዓይኗ ላይ ወርዷል፣ አኩርፋለች፣ አንድ የወረቀት ጥቅልል ደረቷ ላይ በሁለት እጇ አጥብቃ ይዛለች።

"አልሰጥህም አለችኝ" አለ ሞላ። ፊቱ እንባ በእንባ ነው። "መንገድ ሙሉ ስለምናት መጣሁ። አልበላሁም ትላለች፤ ግን አልከፍትም ትላለች።"

"ማህሌትየ፣ አምጪው እስኪ።"

"ይኸ የኔ ነው! ጾሜን ጨርሻለሁ!"

"በልተሻል ወይ?"

የሰደብኳት ይመስል አየችኝ። "እማየ! ዶሮ መች ጮኸና?"

ዶክተሯ ዝቅ ብላ እኩያዋ ሆነች። "እኔ ልቁጠርልሽ፤ ፊትሽ ነው የምቆጥረው" አለቻት። ልጄ አሰበችና ጥቅልሉን ሰጠቻት። ዶክተሯ ቆጠረች። አሥር። አንዲት የተላሰች እንኳ የለችም።

ያን ጊዜ ነው የወደቅሁት፤ ከወንበሩ ተንሸራትቼ ከልጄ እግር ሥር። መርዝ መሆኑን፣ እማየን ያሳመመው ይኸ መሆኑን ነገርናት። ከዚያ ግንባሯ ላይ ያለውን ቁስል በጣቷ እየነካች ጠየቀችኝ።

"አንችስ ለምን አልጠበቅሽም?"

ጣቷን ከቁስሉ ላይ አንሥቼ ሳምኩት።

ፋሲካን ጤና ጣቢያ ዋልኩ። ጋሽ አዳነ ከቅዳሴ በቀጥታ መጡ፤ ሁለት ቀን እህል ያልቀመሱ ሰው በሩ ላይ ቆመው "በእጄ! በገዛ እጄ!" ይላሉ። "ጋሼ፣ እርስዎ ምን አጠፉ፣ ያነበብኩት እኔ" ብላቸው አልሰሙኝም። ጾማቸውን እንዲፈቱ ያደረገቻቸው ማህሌት ናት፤ ቁራሽ ዳቦ አጎረሰቻቸውና "በሉ፣ ሌላ ስጦታ አለብዎ" አለቻቸው።

ከዚያ ወልድያ ተላክሁ። ኩላሊቴ እስኪመለስ ሁለት ሳምንት ተኛሁ፤ እግዚአብሔር ይመስገን ተመልሷል። እንቅልፌ ግን እስከ ክረምቱ አልተስተካከለም። ልቤ ያለ ምክንያት ይሮጣል፤ መስቀሎቹን ግድግዳው ላይ ሳይ እቆጥራቸዋለሁ። የሚያሳፍረኝን ልናገር፤ ያ ከረሜላ በአፌ ውስጥ የሚመጣብኝ ቀንም ነበር። በዚያ ቀን ለሞላ "ዛሬ መጥቶብኛል" እለዋለሁ፤ ሥራውን ትቶ አብሮኝ ይቀመጣል። ቂም ይዞ ነበር፤ ቂሙን ያበረደው መንገሬ ነው ይላል። ደሳለም ድኗል፤ ያን ሳምንት ግን እስካሁን አያስታውሰውም፤ ስሰግድ ዋልኩ ያለውን እንኳ ሰው ነው የሚነግረው።

ለኃላፊያችን ራሴ ሄጄ ተናገርኩ። ሁለት ወር ከሥራ ታገድኩ፤ ሦስተኛው ላይ መለሱኝ። ዕጣችን አልቀረም፤ ካልሲና ሻምፑ አሁንም በቁልፍና በጠጠር ይወጣል። አፍ የሚገባ ነገር ከሆነ ግን መደብ አይወጣለትም፤ እንዳለ ይሰጣል። ወጣቶቹ አስጎብኚዎች "እንግዳ የሰጠኝ ነው፣ ቀለል ያደርጋል" እያሉ ኪሳቸውን ሲዳብሱ ሳይ ደግሞ ይዣቸው ወደ ጥግ እሄዳለሁ። ይስቁብኛል። "እትየ ትርንጎ፣ ከረሜላ ፈራሽ?" ይሉኛል። አዎ፣ ፈራሁ እላቸዋለሁ። ታማችሁ ሐኪም ፊት ከቀረባችሁ ደግሞ የበላችሁትን ተናገሩ፤ የሚገድለው መርዙ ብቻ አይደለም፣ "ምንም" የምትለዋ ቃልም ናት።

ከረሜላዎቹን ዶክተሯ ወሰደቻቸው። መጠቅለያ ወረቀቱን ግን ለመንኳትና ሰጠችኝ። ከጤና ጣቢያው ካርድ ጋር ሣጥኔ ውስጥ አለ። ጋሽ አዳነ በሰጧት ዓርብ ዕለት፣ ማንም ሳያዛት፣ ማህሌት በእርሳስ የጻፈችበት ነው። ፊደሎቹ ወዲያና ወዲህ ያዘነብላሉ፤ አንዱ እንዲያውም ተገልብጧል። እኔ ግን ደቃቅ ጽሑፍ ማለፍ ትቻለሁና እስከ መጨረሻው አነባታለሁ፦

"የማህሌት ነው። ለፋሲካ። ማንም እንዳይነካ። እኔም።"